የአንካሳዋ ሞተር ምት

ጋምቤላ፣ ጥር 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሽ ጥዑመልሳን
አዲስ አበባ፣ ቄራ

ጋሽዬ፣ እንዴት ከረሙ? ያ የወባ ጣጣ ጨርሶ ለቀቀዎት ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ሙቀቱ ብቻ ነው። እናቴና እህቴ አጅዋንግ ሰላም ብለውዎታል። የሞተር ቤት ሰዎችም እንደዚሁ።

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ሁለተኛዋ የመብራት ሞተር አሁንም ታነክሳለች። አሥራ አንድ ዓመት ሲያስታምሟት ኖረው ትተዋት ሄዱ፤ አሁን የተረከባት ሩአች ነው። ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስትነሣ ከተማው በሙሉ “አንካሳዋ መጣች” ይላል። ሩአች “ሦስተኛው ሲሊንደር ለምን እንደሚዘገይ ጋሼን ጠይቅልኝ” ብሎኛል።

ስለ ሥራዬም ጠይቀዋል። ባህል ቢሮ በድምፅ ማጉያ ሠራተኛነት ተቀጥሬያለሁ። ክልል ከሆንን ወዲህ ስብሰባ ማለቂያ የለውም። ማይክራፎኑን ጠዋት ለአንዱ ቢሮ፣ ከሰዓት ለሌላው እሸከማለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይነፋበታል፣ ከዚያ “ይሰማል?” ይላል፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እርስዎ እያሉ በትንሿ ኪቦርድ የጀመርኳቸው የጭፈራ ዘፈኖች ስምንት ደርሰዋል። ምቱም ቤዙም ከኪቦርዱ ነው፤ ግጥሙ በአኙዋክኛ ነው፤ የምትዘፍነው አጅዋንግ ናት። ሰርግ ላይ ሳጫውተው ሰው ይጨፍራል። ድምፁ ግን ያሳፍረኛል። ምቱን በአንዱ ቴፕ እቀዳለሁ። እሱን እያጫወትኩ በላዩ ላይ ዜማ እጨምርና ወደ ሁለተኛው ቴፕ እገለብጣለሁ። ከዚያ የአጅዋንግን ድምፅ ለመጨመር እንደገና እገለብጣለሁ። ሦስተኛው ግልባጭ ላይ ስንደርስ ዘፈኑ ዝናብ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። “ሽሽ” ይላል። ከሥሩ ደግሞ መብራቱ “እምም” ይላል።

መርካቶ ካሴት የሚያሳትመው ወዳጅዎ አሸብር “ድምፁ ጥሩ ከሆነ ለእንቁጣጣሽ ከማወጣቸው ጋር አስገባዋለሁ፤ ግንቦት ሳያልቅ ይድረሰኝ” ማለቱን ከጻፉልኝ ጀምሮ ተቀምጬ መብላት አልቻልኩም። እዚህ ወጣቱ የሚጨፍረው ከሱዳን በማታር በኩል በሚገባ ካሴት ነው። በራሳችን ቋንቋ እንዲህ ያለ የጭፈራ ካሴት ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ አይቼ አላውቅም። የእኔ እዚያ ቢቀመጥ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠይቅም።

ካሴቱን ልኬያለሁ። ሰምተው እንደ ድሮው ይቆጡኝ።

ተማሪዎ
ኦቻን


አዲስ አበባ፣ ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ኦቻን፣

ካሴትህ ከነአቧራው ደረሰኝ። የጋምቤላ አቧራ መሆኑን በቀለሙ አወቅሁት፤ ጠርጌ ልጥለው አልጨከንሁም።

ስለ ጤናዬ ጠይቀሃል። በአንድ ቃል ልዝጋው፤ ወባው ለቆኛል፣ የቀረው ጨጓራ ነው። እህቴ እሙዬ ግን “አኩራፊ ሆነሃል፣ ስጠራህ አትመልስም” ትለኛለች። እንግዲህ በሰው ቤት ሲኖሩ ዝምታም እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ልጇ አቢጋኤል ትሻላለች፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የምታናግረኝ።

አሁን ቁጣው ይኸውልህ። አንደኛ፣ ማን ነው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቅዳ ያለህ? ቆርቆሮ የነካውን ድምፅ ሁሉ መልሶ ይተፋል። የእናትህ ጎጆ ሣር ነው፤ እዚያ ግባ። ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፍ፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ስቀል። ላብህ ይንጠባጠብ፤ ሳውና ነው ብለህ ተቀበለው። ሁለተኛ፣ ማታ በመብራት አትቅዳ። “እምም” የምትልህ የገዛ ሞተሬ ናት፤ በሽቦው ገብታ ካሴትህ ላይ ትቀመጣለች። ቀን ላይ በመኪና ባትሪ ሥራ። ሦስተኛ፣ ሦስት ጊዜ መገልበጥ ምን ይሉታል? ምቱን፣ ቤዙንና ዜማውን ኪቦርዱ ላይ አንድ ላይ ተለማምደህ በአንድ ትንፋሽ ተጫወት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጥና አጅዋንግን ጨምር። ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ጥርስ ከጤና ቢሮ አልኮል ለምነህ በጥጥ ጥረገው። የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩ ውስጥ እንዳይገባ። ካሴቶችህን ከውሃው እንስራ ሥር አስቀምጥ፤ ሙቀቱ ያቀልጣቸዋል።

ቤዝህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ትልቁ ከበሮና የቤዙ ክር አንድ ቦታ ላይ እየረገጡ ይጋፋሉ። ቤዙን ከከበሮው ግማሽ ምት አዘግየው፤ ሁለቱም ይተነፍሳሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ድምፁ የታፈነ መሆኑ ነው። የጸናጽሉ ምት ጭራሽ የለም። አጅዋንግ ከብርድ ልብስ ሥር ሆና የምትዘፍን ይመስላል። ያችን ልጅ የማውቃት ሞተር ቤቱ አጠገብ ውሃ ስትቀዳ እየዘፈነች ሁለቱን ሞተሮች አልፋ ስትሰማኝ ነው። ትሬብሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ፣ ጨምር። አሁንም ጨምር። ጆሮዬን እመን።

ለሩአች እንዲህ በለው፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል አልቋል። እስኪመጣለት እኔ እንዳደረግሁት ያባብላት።

ጥዑመልሳን


ጋምቤላ፣ የካቲት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ትሬብሉ ስንት ላይ እንደሆነ ለጠየቁኝ መልሱ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ አምስት ላይ ነበር። “ጨምር” ሲሉኝ ሰባት አድርጌ መሞከሪያ ካሴት ላክኩልዎት። በሁለተኛው ደብዳቤ “አሁንም የታፈነ ነው” ሲሉኝ አሥር ላይ ወሰድኩት። ከዚያ በላይ ቁጥር የለውም።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። የእናቴን ጎጆ ስይዝባት ከውጭ ተቀምጣ “ለልጄ ሚስት እንጂ ለልጄ ኪቦርድ ቤቴን እለቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም” አለች። ባትሪውን የሰጠኝ የቢሯችን ሾፌር ጎኝ ነው። ኃላፊው መኪናው ለምን እንደማይነሣ ሲጠይቀው “ታሟል” ይለዋል። ስድስቱን ዘፈኖች እንዲህ ቀዳሁ። “ሽሽ” የሚለው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ “እምም” የሚለው ጨርሶ የለም። ቤዙን እንዳሉኝ አዘገየሁት፤ ዘፈኑ ወገቡን ፈታ።

አጅዋንግን ማግኘት ነው ችግሩ። ፑኝዶ ባለው የስደተኞች ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ሆና ስለምትሠራ የምትመጣው የጭነት መኪና ባገኘች ቅዳሜ ብቻ ነው። ጉሮሮዋ አቧራ ሞልቶ ትደርሳለች፤ እሑድ ትመለሳለች። የተቀዳውን ስትሰማ ፊቷን አጠቆረች።

“ይህ የእኔ ድምፅ አይደለም፣ ምላጭ ነው” አለችኝ።

የጋሼ ጆሮ ነው፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብዬ ዝም አሰኘኋት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ኦቹዶ ባሮ ወንዝ ዳር ሲዳር ካሴቱን አጫወትኩት። ወጣቱ ጥቂት ጨፈረ፤ ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ ከእስፒከሩ ራቁ። ጥፋቱን በእስፒከሩ ላይ አደረግኩት፤ አሮጌ ነው።

ሁለቱን የመጨረሻ ዘፈኖች ግን እውነቱን ለመናገር በባትሪ አልቀዳኋቸውም። ኃላፊው መኪናውን ለመስክ ፈለገው፤ ባትሪው ወደ ቦታው ተመለሰ። ገበያ ላይ አዲስ አዳፕተር አገኘሁና ማታ መብራት ሲመጣ በእሱ ቀዳሁ። እነሱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ናቸው። ጎኝ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ሊነሣ ሞተር አስነሥቶ ጥሩምባ እየነፋ ስለነበር ሁለተኛውን ገጽ ሳላዳምጥ ነው የሰጠሁት። እርስዎ ይስሙልኝ። ጥሩ ከሆነ ቀጥታ ለአሸብር ያድርሱልኝ። እኔ መቆየት አልችልም፤ ግንቦት እየመጣ ነው።

ኦቻን


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ኦቻን፣

ደህና ነኝ። ጨጓራዬም ደህና ነው፤ ስለ ጤናዬ መጠየቅህን ተው።

ሁለቱንም ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁ። ቤዙ ልቤን አሞቀው። እንዲህ ያለ ወፍራምና ጥርት ያለ ከበሮ በቤት ውስጥ ሥራ ሰምቼ አላውቅም። አሁንም የላይኛው ድምፅ ቢጨመርለት ደስ ባለኝ፤ ግን ቁጥሩ አልቋል ካልህ ምን ይደረግ። ስለ ሁለተኛው ገጽ አትጨነቅ። አዳፕተሩ ምንም አላመጣም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ከምቱና ከዜማው በስተቀር አንዳች ድምፅ የለበትም።

ነገ ጠዋት ራሴ ወስጄ ለአሸብር እሰጠዋለሁ። ሃያ ዓመት ያውቀኛል፤ “ጥዑመልሳን ሰምቶታል” ማለት ለእሱ ይበቃዋል።

ለእናትህ ጎጆዋን ስላበደረችን ምስጋናዬን አድርስልኝ።

ጥዑመልሳን


ጋምቤላ፣ መጋቢት 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

“አሸብር ለሥራ ድሬዳዋ ሄዷል፣ ታገሥ” የሚለው ብጣሽ ወረቀትዎ ደርሶኛል። እንኳንም ዘገየ። እስካሁን ካሴቱ እጅዎ ላይ ካለ እባክዎ አይስጡት።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ጋ የቀረውን ግልባጭ ሳላጫውት ቆይቼ ነበር፤ መጀመሪያ ባትሪ አጣሁ፣ ከዚያ ስብሰባ በረከተ፣ ከዚያ ፈራሁ መሰለኝ። ትናንት አጅዋንግ መጣችና እንስማው አለች። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። ሁለተኛውን ስገለብጠው ፉጨት አለበት። ቀጭን ፉጨት ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜም አያቋርጥም። ያ አዳፕተር ነው ያመጣው። የሥራ ባልደረባዬ ዲዩ ከውጭ ቆሞ ነበር፤ “ማን ነው የሚያፏጨው?” ብሎ ገባ። የጎረቤት ውሻ ደጃፋችን ላይ ከተኛበት ተነሥቶ ሄደ። አጅዋንግ ጆሮዋን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ በራሴ ተናደድኩ። ሳያዳምጡ መላክ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እርስዎ ቢሆኑ እንዲህ አያደርጉም። ከዚያ አጅዋንግ ደብዳቤዎን አንሥታ “ንጹሕ ውሃ” የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ።

ጋሽዬ፣ እሙዬ ቤት ያለው ቴፕ ጥርሱ ቆሽሾ ይሆን? የቆሸሸ ጥርስ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። በአልኮል ጠርገው እንደገና ቢሰሙልኝ። እንደዚያ ከሆነ ያ ሁሉ “ጨምር፣ ጨምር” ከቴፑ ነው ማለት ነው፤ ሁሉንም አስተካክላለሁ።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ኦቻን


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ኦቻን ልጄ፣

በፋሲካው ማግስት የጻፍኸው ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰላምታ የለው፣ “ጋሽዬ” የለው፣ “አይሰማዎትም ወይ?” የሚለው ጥያቄ ብቻ። ለአንድ ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርሁ።

አዎ። አይሰማኝም።

ቴፑን ጠርጌዋለሁ፤ ከጠረግሁትም በኋላ ፉጨት የለበትም። ለእኔ የለበትም። አቢጋኤል ግን ገና ስከፍተው ክፍሉን ለቃ ወጣች።

ጨጓራ ያልሁህ ውሸት ነው። እዚያ ለወባው ኩዊኒን በግሉኮስ ሲሰጡኝ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ሐኪሙ ያልፋል ብሎኝ ነበር፤ ጩኸቱ አለፈ፣ ሲሄድ ግን ብዙ ነገር ይዞ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ሁለት ሞተር መካከል መቆሜም የራሱን ወስዷል መሰለኝ። ከአልጋ ተነሥቼ ባሮ ዳር ስወርድ ወፎቹ ዝም ብለው ነበር። ወቅቱ ነው አልሁ። አዲስ አበባ ስመጣ እሙዬ ድምፅዋን ቀነሰች፤ ግማሹ ይደርሰኛል፣ ግማሹ አይደርሰኝም። አርጅታለች አልሁ። ካሴትህ ሲመጣ ደግሞ ጸናጽል የለውም። ኦቻን ሥራ አልተማረም አልሁ። ሁሉም ሰው ላይ አንድ ጥፋት አገኘሁለት።

አሁን የባሰውን ልንገርህ። አሸብር ድሬዳዋ አልሄደም። መጋቢት 7 ቀን፣ ልክ እንዳልሁህ፣ ካሴቱን ወስጄለታለሁ። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ አስቀድም አልሁት፤ እሱ ነው የተሻለው ብዬ። ከፈተው፣ ወዲያው ዘጋው። “ጥዑመልሳን፣ ይህ እኮ ያፏጫል” አለኝ። የእሱ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። እኔም በሰው ፊት ካሴት ትሸጣለህ እንጂ ጆሮ የለህም አልሁት። ሌላም ሌላም አልሁት። ካሴትህን ከእጁ ቀምቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አቢጋኤልን ያፏጫል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቱ አየችኝና “ጋሼ፣ አይሰማህም እንዴ?” አለች። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ። ድሬዳዋ ብዬ የጻፍሁልህ ካወቅሁ በኋላ ነው።

ለምን ዋሸህ ብለህ ከጠየቅኸኝ መልሱ አጭር ነው፤ ከጆሮዬ ሌላ የነበረኝ ነገር አልነበረም። ሞተር ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ከሁለቱ የትኛዋ ምን እንደጎደላት እናገር ነበር። አንተንም ያስተማርሁህ በዚያው ነው። አንተ ብታውቅ ሌላ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ።

ስድስት ጥሩ ዘፈኖችህን በምላጭ የላጨሁብህ እኔ ነኝ። የአሸብርን በርም የዘጋሁብህ እኔው ነኝ። ሌላ ጆሮ ፈልግ። ልትጽፍልኝ ካልፈለግህ አትጻፍ፤ ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አጅዋንግ ይህን ሰምታ ምን አለች?

ጥዑመልሳን


ጋምቤላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ለብዙ ቀን አልጻፍኩም። ተናድጄ ነበር። አሁንም ትንሽ አለ። የተናደድኩት በጆሮዎ አይደለም፤ በድሬዳዋ ነው። እኔ እዚህ ቀን ስቆጥር እርስዎ አንድ ሰው ባቡር ላይ አሳፈሩ። ለእኔ ብጣሽ ወረቀት ላይ “ያፏጫል” ብለው ቢጽፉልኝ ኖሮ መጋቢት ላይ እጨርስ ነበር። ይህን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልችልም።

አጅዋንግ ምን አለች ላሉኝ፤ ደብዳቤዎን እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ፑኝዶ ተመለሰችና የአራት ቀን ፈቃድ ወስዳ መጣች። ጭነት መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ስድስት ሰዓት በእግሯ ሄዳለች፤ ዝናቡ ጀምሯል። ደርሳ እግሯን ሳትታጠብ “ቁልፉን ዛሬ እኔ ነኝ የምይዘው” አለች። ትሬብሉን አምስት ላይ አደረገችው፣ እጇን ከላዩ አላነሣችም።

ስምንቱንም እንደገና ቀዳናቸው። ጎጆው፣ ባትሪው፣ አንድ ግልባጩ፣ ጥጡና አልኮሉ፣ እንስራው ሁሉም እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ከትሬብሉ በስተቀር ያዘዙት ሁሉ ልክ ነበር። ቤዙ ከከበሮው ጋር እንደሚጋፋ እዚህ ካሉት ጆሮዎች አንዱም አልሰማም፤ የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ እኔና አጅዋንግ ተነጋገርን። ከዘፈኑ ወገብ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ የእርስዎ ነው፤ ከወገብ በላይ ያለው ቀጭኑ የእሷ ነው። ሌላ ጆሮ ፈልግ ብለውኛል፣ አልፈልግም። የጎደለውን ግማሽ አግኝቻለሁ።

ካሴቱን ጎኝ ይዞት ይመጣል። ዛሬ እያንዳንዷን ደቂቃ ሰምቻታለሁ፤ ጥሩምባውን ሲነፋ ተቀምጠህ ጠብቅ አልኩት።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። አሸብር ጋ ይሂዱና እውነቱን ይንገሩት። ካሴቴን ካልወሰደው አይውሰደው፤ እኔን የሚያውቀው ግን በዚያ ቀን ስድብ ከሆነ ሱቁ ውስጥ መደርደሩም ደስ አይለኝም። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የመጨረሻውን ዘፈን ደግሞ በጆሮዎ አይስሙት። መዳፍዎን እስፒከሩ ላይ ያድርጉ። ምን እንደሆነ አልነግርዎትም።

የሩአች ኖዝል በመጨረሻ መጥቶለታል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ሊቀይረው ነው። “አንካሳዋ ልትድን ነው” እያለ ለከተማው ሲያወራ ሰነበተ።

ኦቻን


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 28 ቀን 1988 ዓ.ም.

ኦቻን ልጄ፣

ቁጣህ ደርሶኛል፣ ተቀብያለሁ። የአጅዋንግን እግር ሳስብ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ እንደ ደረሰኝ ጫማዬን አጠለቅሁ።

አቢጋኤልን ይዤ ወደ መርካቶ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ሱቁ በር ስደርስ ዝግጅቱ ጠፋብኝ። ዛሬም ሰው ሞልቷል። አሸብር አየኝና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ጥቂት ሰው እስኪወጣ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ከዚያ የሰደብሁት በሰው ፊት መሆኑ ትዝ አለኝ።

“አሸብር፣ ያን ቀን ጆሮ የለህም ብዬህ ነበር። ጆሮ የሌለኝ እኔ ነኝ” አልሁት።

እሙዬ እንኳ ይህን ከአፌ አልሰማችም፤ ከአንተ ሌላ የነገርሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አሸብር ከመደርደሪያው ዞረ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ካሴቱን ሰጠሁት። ወንበሩንም ለቀቀልኝ።

ትልቁን እስፒከር አጠገቤ አደረግሁት። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ቤዝህ ደረቴን ገፋው፤ ንጹሕ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከበሮውን አይነካውም። ያ የእኔ ድርሻ ስለሆነ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። አጅዋንግ ገባች። ዝቅ ስትል እሰማታለሁ፤ ከፍ ስትል ትጠፋብኛለች። በጠፋችበት ቦታ ላይ ሞተር ቤቱ አጠገብ ውሃ ስትቀዳ የነበረውን ድምፅዋን አስገባሁበት፤ ቦታው ላይ ልክ ገጠመ። አቢጋኤልን አየኋት፤ ጆሮዋን አልያዘችም። ትከሻዋ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ካሴት ሊገዛ የመጣ አንድ ጎረምሳም ቋንቋው ምን እንደሆነ ሳያውቅ እግሩ ወለሉን ይመታ ነበር።

አሸብር አንዱንም ዘፈን አላቋረጠም። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ እንዳዘዝኸኝ መዳፌን እስፒከሩ ላይ አደረግሁ።

ገና ከመጀመሯ አወቅኋት። ስትነሣ ያለው ያ ማጓራት፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሦስተኛው የሚዘገየው፣ ከዚያ ለመድረስ የሚሮጠው አራተኛው። አሥራ አንድ ዓመት በየማታው በዚህ መዳፍ ጎኗን የዳሰስኋት ሞተር ናት። አንተ ሌባ፣ ማይክራፎን ይዘህ ሞተር ቤት ገባህ ማለት ነው። ካሴትህ ላይ እንዳትቀመጥ ብዬ ያባረርኋትን መልሰህ አምጥተህ ኪቦርዱን በእሷ ምት አስኬድኸው። አለቀስሁ፤ በአሸብር ሱቅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አላፈርሁም።

አሸብር ዘፈኑ ሲያልቅ ጠጋ ብሎ “ይህን ከበሮ የመታው ማን ነው? እንዲህ ያለ ምት ሰምቼ አላውቅም” አለኝ። ሰው እንዳልሆነ፣ ጋምቤላ ያለች ሞተር እንደሆነች፣ ሦስተኛው ሲሊንደሯ እንደሚዘገይ ነገርሁት። እንደ ሞኝ ቆጥሮ ሳቀብኝ። ከዚያ የእንቁጣጣሹን ዝርዝር አወጣና የካሴቱ ስም ምን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ። የአንተንና የአጅዋንግን ስም አስጻፍሁት፤ የካሴቱን ስም ራስህ ላክለት፤ እስከ ሰኔ አሥር ይጠብቅሃል። ካሴትህ ሱቅ ውስጥ ይደረደራል፣ ልጄ።

ሩአች ኖዝሉን ይቀይር። ሥራው ነው፤ ሞተሯም መዳን ይገባታል። አንተ ግን ከመቀየሩ በፊት አንድ ካሴት ሙሉ ቅዳልኝ። ኪቦርድ አትጨምርበት፣ ዘፈንም አይኑርበት። እሷን ብቻ።

ጥዑመልሳን